ለኩበርኔቲስ የምንፈልገውን በየትኛው መንገድ እንንገረው? ከተርሚናል ትእዛዝ እስከ ጊት

ኩበርኔቲስ በሚባለው፣ ፕሮግራሞችን በብዙ ሰርቨሮች ላይ በሚያስኬድ ሥርዓት ላይ የሚሠራ አንድ የክፍያ አገልግሎት አለ እንበል። የሚፈለገው ሁኔታ በሚጻፍበት ያምል ፋይል ላይ የቅጂዎቹ ብዛት 3 ተብሎ ተጽፏል። የወሩ መጨረሻ ደርሶ ተጠቃሚው ሲበዛ ተረኛው ባለሙያ ተርሚናል ከፍቶ በ«ስኬል» ትእዛዝ 8 አደረገው። በማግስቱ ሌላ ባልደረባ እዚያው ፋይል ላይ የኢሜጁን (የፕሮግራሙን ጥቅል) ቨርዥን ብቻ ቀይሮ «አፕላይ» በሚለው ትእዛዝ ላከው። አዲሱ ቨርዥን ወጣ፤ ፖዶቹም (የሚሠሩት ቅጂዎች) ከ8 ወደ 3 ወረዱ። ማንም የተሳሳተ ትእዛዝ አልሰጠም፣ ኩበርኔቲስም አልተበላሸም። ሁለት ሰዎች ለአንድ ኦብጀክት (ኩበርኔቲስ ውስጥ ለተመዘገበ አንድ ነገር) የተለያየ ፍላጎት በተለያየ መንገድ ነገሩት፤ እሱም የመጨረሻውን ሰማ።

ይህ መመሪያ ከእነዚህ መንገዶች የትኛው ለምን እንደሚሆን ያነጻጽራል። ብዙ ጊዜ ምርጫው የሚቀርበው «ጀማሪ ከሆንክ ይህን፣ ከበረታህ ያንን» ተብሎ ነው። በዚህ አልስማማም። ልምድ ያለው ሰው በተርሚናል ትእዛዝ መጠቀሙ ነውር አይደለም፤ ጀማሪም ከመጀመሪያው ቀን ጊትን (የፋይል ለውጦችን ታሪክ የሚይዘውን መሣሪያ) ቢጠቀም አይበዛበትም። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ ይህን ኦብጀክት ከእናንተ ሌላ ማን ይጽፍበታል? የፈለጋችሁት ነገር መዝገብስ የት ይቀራል?

ሁሉም የሚያደርሰው አንድ በር ላይ ነው

ጉግል ኩበርኔቲስን በ2014 ይፋ ሲያደርግ ቦርግ ከተባለው የውስጥ ሥርዓቱ ያካበተውን ልምድ ይዞ ነበር፤ ቨርዥን 1.0 የወጣው በ2015 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የሚፈለገው ሁኔታ በኦብጀክት መልክ ይጻፋል፣ በኤፒአይ ሰርቨሩ በኩል አልፎ ኢቲሲዲ በሚባለው ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ ኮንትሮለሮች የተጻፈውንና በእውን ያለውን እያመሳከሩ ልዩነቱን ለማጥፋት ያለማቋረጥ ይሠራሉ። ስፔክ የሚባለው ክፍል የእናንተ ፍላጎት ነው፤ ስታተስ የሚባለው ሥርዓቱ የሚሞላው የእውነታው ገጽ ነው። ሁሉም ኦብጀክት ስፔክ የለውም፤ ሴቲንግ የሚቀመጥበት ኮንፊግማፕና ምስጢር የሚቀመጥበት ሲክሬት ለምሳሌ ዳታ ብቻ ይይዛሉ። ሐሳቡ ግን አንድ ነው።

በትእዛዝም ሂዱ በሄልም (የጥቅል መጫኛ መሣሪያ)፣ መጨረሻ ላይ ጥያቄው የሚደርሰው ወደዚያው ኤፒአይ ሰርቨር ነው። ኮንትሮለሩ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። መንገዶቹ የሚለያዩት ፍላጎታችሁ ከክላስተሩ (አብረው ከሚሠሩት ሰርቨሮች ስብስብ) ውጭ ተጽፎ ይቀራል ወይ፣ ሌላው ሰው የጻፈውስ ምን ይሆናል በሚሉት ነው።

የኦብጀክቱ ዓይነት፣ በአጭሩ

መንገዱን ከመምረጥ በፊት ኦብጀክቱ ራሱ ትክክለኛው መሆን አለበት። ብቻውን የተፈጠረ ፖድ ያለበት ኖድ (ሰርቨር) ከወደቀ በሌላ ኖድ ላይ አይነሳም፤ የሚያስነሳው ኮንትሮለር የለውምና። ሁልጊዜ የሚሠራ አገልግሎት ዲፕሎይመንት ይሁን፤ ቋሚ ስምና የራሱ ዲስክ የሚፈልግ ዳታቤዝ ስቴትፉልሴት፤ በየኖዱ አንድ መኖር ያለበት ሎግ ሰብሳቢ ዴሞንሴት፤ ሠርቶ የሚያበቃ ሥራ ጆብ። የቅጂዎቹን ብዛት የሚጠብቀውን ሬፕሊካሴትን በእጅ ለመጻፍ ምክንያት የለም ማለት ይቻላል፤ ዲፕሎይመንቱ ራሱ ይፈጥረዋል። እዚህ ላይ የቸኮለ በኋላ ይከፍላል፤ የዲፕሎይመንት ሴሌክተር (የትኞቹ ፖዶች የእሱ እንደሆኑ የሚለይበት) አንዴ ከተጻፈ አይቀየርም፣ የስቴትፉልሴት የዲስክ ቴምፕሌትም እንዲሁ። ለመቀየር ኦብጀክቱን አጥፍቶ እንደገና መፍጠር ይጠይቃል።

በቀጥታ ማዘዝ

«ክሬት» (ፍጠር)፣ «ራን» (አስኪድ)፣ «ስኬል» (ብዛት ቀይር)፣ «ሴት ኢሜጅ» (ኢሜጅ ቀይር)፣ «ኤዲት» (አርም)። ፈጣን ናቸው፣ ፋይል አይጠይቁም፣ በአንድ መስመር ያልቃሉ። ለመማር፣ ለመፈተሽና ለጊዜያዊ ነገር ከእነዚህ የሚሻል የለም። የሲኬኤ (የኩበርኔቲስ አስተዳዳሪነት ማረጋገጫ) ፈተና በ2 ሰዓት ውስጥ ተርሚናል ላይ የሚሠራ የተግባር ፈተና ስለሆነ ተፈታኞች እነዚህኑ በደንብ ይለማመዷቸዋል።

መዝገብ ግን አይተውም። ክላስተሩ አሁን 8 ቅጂ እንዳለ ያውቃል፤ ለምን 8 እንደሆነ፣ ማን እንዳለው፣ እስከ መቼ እንደሆነ የትም አልተጻፈም። ሌላው ጣጣ ድግግሞሽ ነው። ክሬት ሁለተኛ ጊዜ ሲጠራ «ይህ አስቀድሞ አለ» ብሎ ይመልሳል። አዲስ አበባ ተቀምጦ አውሮፓ ያለ ክላስተር የሚያስተዳድር ሰው ትርጉሙ ይገባዋል፦ ከተከታታይ ትእዛዞች መሃል ኢንተርኔቱ ቢቋረጥ የትኛው ደረሰ፣ የትኛው ቀረ ብሎ አንድ በአንድ ማጣራት ነው። በአፕላይ ቢሆን ያንኑ ፋይል ደግሞ መላክ ይበቃ ነበር።

ስለ «ራን» አንድ ነገር። ከ1.18 ወዲህ የሚፈጥረው ፖድ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የተጻፉ ማስተማሪያዎች ዲፕሎይመንት እንደሚፈጥር ስለሚናገሩ፣ እነሱን እያየ የሚከተል ሰው ሳያውቀው ጠባቂ የሌለው ፖድ ይዞ ይቀራል።

ለእኔ የእነዚህ ትእዛዞች ትልቁ ጥቅም ያምል ማስጻፊያ መሆናቸው ነው። ክሬት ላይ የደረቅ ሙከራ አማራጭንና የያምል ውጤትን ብትጨምሩ ምንም ሳይፈጠር ንጹሕ ፋይል ይወጣላችኋል። ባዶ ገጽ ላይ ከመጀመር ያድናል፤ የተረፈውን እናንተ ትሞላላችሁ።

ከሁሉም የምፈራው «ኤዲት»ን ነው፤ አደገኛ የሚያደርገው ምቾቱ ነው። በሕይወት ያለውን ኦብጀክት በኤዲተር ይከፍታል፣ ታስተካክላላችሁ፣ ትዘጋላችሁ፣ ሠራ። ማስተካከያው ግን ፋይሉ ውስጥ የለም። ወደ ቀድሞው ቨርዥን የሚመልሰው «ሮልአውት አንዱ» የሚባለው ትእዛዝም ዘመዱ ነው። ዲፕሎይመንት በነባሪ እስከ 10 የሚደርሱ የቀድሞ ሬፕሊካሴቶችን ስለሚያስቀምጥ ወደ ኋላ መመለስ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ሆኖም ፋይሉ አሁንም የተበላሸውን ቨርዥን ይዟል። ቀጣዩ አፕላይ ያንኑ ስህተት ይዞት ይመጣል።

ፋይል በክሬትና በሪፕሌስ

ይህ መሃከለኛ መንገድ ነው፤ ፋይሉ አለ፣ ድርጊቱን ግን እናንተ ትናገራላችሁ፦ ፍጠር፣ ተካ፣ አጥፋ። ለአፕሊኬሽን ማስተዳደሪያ አልመክረውም። «ሪፕሌስ» ፋይሉ ውስጥ የሌለውን ሁሉ ስለሚጥል፣ ሥርዓቱ ራሱ የሚጽፍባቸው ኦብጀክቶች ላይ ጉዳት ያደርሳል፤ ሎድባላንሰር ዓይነት ሰርቪስ (ወደ ፖዶች የሚያስገባ የኔትወርክ በር) ዋናው ምሳሌ ነው። ጥቅም የሚሰጥበት ጠባብ ቦታ ግን አለ። ስሙን ሥርዓቱ ራሱ እንዲያወጣለት የምትፈልጉት ጆብ፣ ለምሳሌ በየጊዜው የሚሄድ የዳታቤዝ ማሻሻያ፣ በአፕላይ አይሠራም፤ አፕላይ ስም ማወቅ አለበት። እዚያ ላይ ክሬት ትክክለኛው ምርጫ ነው።

አፕላይ፣ የዕለት ተዕለቱ

አብዛኛው ሰው አፕላይን «ፋይሉን ክላስተሩ ላይ ጫን» ማለት አድርጎ ይረዳዋል። ከዚያ ይሰፋል፣ ማወቁም ይጠቅማል። ነባሪው አፕላይ ሦስት ነገሮችን ያነጻጽራል፦ አሁን በእጃችሁ ያለውን ፋይል፣ ክላስተሩ ላይ ያለውን ኦብጀክት፣ እና ባለፈው አፕላይ ስትሉ የነበረውን ፋይል። ሦስተኛውን ከየት ያመጣል? በኦብጀክቱ ላይ በአኖቴሽን (በማስታወሻ) መልክ ለጥፎት ነበር። ባለፈው ኖሮ አሁን ከፋይሉ የጠፋ ፊልድ (አንድ የሴቲንግ መስመር) «አውጣው» ማለት ነው፤ ፋይሉ ውስጥ መቼም ያልነበረ፣ ሌላ አካል የጻፈው ፊልድ ግን ሳይነካ ይቀራል። ሪፕሌስ የሚያጠፋውን አፕላይ የሚያተርፈው በዚህ ብልሃት ነው።

ብልሃቱ ዋጋ አለው። አኖቴሽኖች በጠቅላላ ከ262,144 ባይት መብለጥ ስለማይችሉ ትልልቅ የሲአርዲ ፋይሎች (አዲስ የኦብጀክት ዓይነት የሚገለጽባቸው) አፕላይ ሲባሉ ይወድቃሉ። ለሞኒተሪንግ ፕሮሜቲየስ ኦፐሬተርን የጫነ ሰው ስህተቱን ሳያየው አይቀርም። የፋይሉ ይዘት ትክክል ስለሆነ ሰው ያምሉን ደጋግሞ ሲመረምር ይውላል፤ ችግሩ ግን የማስታወሻው ትልቅነት ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ዝርዝሮችን ሲያዋህድ የሚመጣ ነው። ኮንቴይነሮችን በስማቸው እየለየ ያዋህዳል፣ ይህ ደህና ነው። የሰርቪስ ፖርቶችን ግን የሚለየው በቁጥራቸው ብቻ ነው። የዲኤንኤስ አገልግሎት 53ን በቲሲፒም በዩዲፒም ይከፍታል፤ ቁጥራቸው አንድ ስለሆነ ኋላ ላይ ስታሻሽሉት አንዱ ከሌላው ጋር ተምታቶ ሊጠፋ ይችላል።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚያስገርመው፣ ማጥፋት ነው። ከፎልደሩ ውስጥ አንድ ፋይል ብታወጡ አፕላይ ኦብጀክቱን አያጠፋውም። ፊልድ ከፋይል ቢጠፋ ያውቃል፤ ፋይል ከፎልደር ቢጠፋ አያውቅም። «ዲሊት» ብላችሁ በእጃችሁ ካላጠፋችሁት ያ ሰርቪስ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል።

አራተኛው ወደ መጀመሪያው ታሪክ ይወስደናል። ቅጂዎቹን በእጅ ከማብዛት ይልቅ ኤችፒኤ የተባለውን ራስ-ሰር አስተካካይ ማቆም ይሻላል፤ የቅጂ ብዛት ፊልዱ ከዚያ በኋላ የእሱ ነው። ስለዚህ ከፋይሉ መውጣት አለበት። እንዲሁ አጥፍታችሁት አፕላይ ብትሉ ግን አፕላይ «ባለፈው ነበር፣ አሁን የለም፣ ላውጣው» ይላል፤ የወጣ ፊልድ ነባሪ ዋጋውን ይይዛል፣ ነባሪው ደግሞ 1 ነው። ኤችፒኤው እስኪደርስለት ድረስ አገልግሎቱ በአንድ ፖድ ይቀራል። መፍትሔው «ኤዲት ላስት አፕላይድ» በሚለው ንዑስ ትእዛዝ መጀመሪያ ማስታወሻው ላይ ያለውን መስመር ማጥፋት፣ ቀጥሎ ከፋይሉ ማውጣት ነው። ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ።

ይህ ሁሉ ሆኖ አንድ ሰው ወይም አንድ ቡድን ብቻ ለሚጽፍበት አገልግሎት ነባሪው አፕላይ ይበቃል። ከመላክ በፊት «ዲፍ» ማየትን ግን ልማድ አድርጉት፤ 8 ወደ 3 ሊወርድ መሆኑን ያሳያችሁ ነበር።

በሰርቨር በኩል የሚደረገው አፕላይ

በ1.22፣ በ2021፣ ይህ መንገድ ለመደበኛ አገልግሎት ዝግጁ ተባለ። ስሌቱ ከእናንተ ኮምፒውተር ወጥቶ ወደ ኤፒአይ ሰርቨሩ ሄደ። ከዚህ የሚበልጠው ለውጥ ግን እያንዳንዱ ፊልድ ባለቤት ማግኘቱ ነው። ማን ምን እንደጻፈ ኦብጀክቱ ላይ ማኔጅድ ፊልድስ በሚባል ክፍል ይመዘገባል። ያምሉን ስታዩ በነባሪ ስለሚደበቅ ብዙ ሰው መኖሩንም አያውቅም፤ ለማየት ልዩ አማራጭ መጨመር ያስፈልጋል።

ልዩነቱ ሁለት ሰው አንድ ወጥ ላይ ጨው ሲጨምር ይታያል። በነባሪው አፕላይ ሁለተኛው ሰው ምንም ሳይባል ይጨምራል። በሰርቨሩ አፕላይ ግን «ይህ ፊልድ የእገሌ ነው፣ ዋጋውን ልትቀይረው ነው» ብሎ ያስቆመዋል። ከዚያ ሦስት ምርጫ አለው፦ ፊልዱን ከፋይሉ አውጥቶ ለባለቤቱ መተው፣ ካለው ዋጋ ጋር ተስማምቶ የጋራ ባለቤት መሆን፣ ወይም በግድ መውሰድ። ኮንትሮለር ሁልጊዜ በግድ ቢወስድ ትክክል ነው፤ መሃል ላይ ቆሞ የሚጠይቀው ሰው የለውም። በሰው እጅ ወይም በሲአይ (ለውጥን በራሱ ፈትሾ በሚልክ ሥርዓት) ስክሪፕት ውስጥ ግን የማስገደጃውን አማራጭ በነባሪ ማስገባት ማንቂያውን ከግድግዳ ላይ መንቀል ነው፤ ያኔ በዚህ መንገድ መምጣታችሁ ትርጉም የለውም።

ከላይ ያሉት ወጥመዶች ግማሾቹ እዚህ የሉም። የማስታወሻ አኖቴሽን ስለማያስፈልግ ትልልቅ ሲአርዲዎች ያልፋሉ፤ የሰርቪስ ፖርቶች በቁጥርና በፕሮቶኮል ስለሚለዩ የ53 ጣጣ ይቀራል። የኤችፒኤው ርክክብም ይቀላል፦ ኤችፒኤው የቅጂ ብዛቱን አንድ ጊዜ እስኪጽፍ ፊልዱን ፋይላችሁ ውስጥ ተዉት፤ ከጻፈ በኋላ አውጡት። ሌላ ባለቤት ስላለው ወደ 1 አይወርድም። የተሰረዘ ፋይል ኦብጀክቱን አለማጥፋቱ ግን እዚህም እንዳለ ነው።

አዲስ ክላስተር የምትጀምሩ ከሆነ ከመጀመሪያው በዚህ ሂዱ። በተለይ ኦፐሬተሮች (ሌላ ሶፍትዌርን የሚያስተዳድሩ ኮንትሮለሮች)፣ የሰርቲፊኬት አዳሾች፣ ሰርቪስ ሜሽ (የአገልግሎቶችን ግንኙነት የሚያስተዳድር) ባሉበት ቦታ እናንተ ብቻችሁን ጸሐፊ አይደላችሁም። የቆየ ክላስተር ላይ ደግሞ የፊልድ ማኔጀሩን (የጸሐፊውን) ስም አንድ አድርጋችሁ ያዙ፤ ሲአዩ በአንድ ስም፣ ላፕቶፓችሁ በሌላ ስም ከጻፈ ከራሳችሁ ጋር ትጋጫላችሁ።

ሄልም ወይስ ከስተማይዝ?

እስካሁን ያየነው እንዴት እንደሚላክ ነበር። ያው አገልግሎት ለሙከራ፣ ለስቴጂንግና ለፕሮዳክሽን ሦስት መልክ ሲኖረው የሚመጣው ጥያቄ ፋይሉ እንዴት ይዘጋጅ የሚል ነው።

ከስተማይዝ ከ1.14፣ ከ2019 ጀምሮ ኩብሲቲኤል (እነዚህ ትእዛዞች የሚሰጡበት የተርሚናል መሣሪያ) ውስጥ ገብቷል፤ የሚጫን ነገር የለም። መነሻ ፋይሎች አሉ፣ በላያቸው የየአካባቢው ልዩነት ብቻ ይደረባል። ቴምፕሌት የለውም፤ እያንዳንዱ ፋይል ራሱን የቻለ ትክክለኛ ያምል ነው፣ ስለዚህ ይነበባል። የምወድለት ነገር የኮንፊግማፕ ማመንጫው ነው። ኮንፊግማፕ ስትቀይሩ ፖዶች በራሳቸው አይነሱም፤ አገልግሎቱ በአሮጌው ሴቲንግ መሥራቱን ይቀጥላል፣ «ቀየርኩት እኮ» የሚባለው እዚህ ነው። ከስተማይዝ በይዘቱ ላይ ተመሥርቶ ስሙ ላይ ሃሽ (ከይዘቱ የሚሰላ ኮድ) ስለሚጨምር፣ ይዘቱ ሲቀየር ስሙ ይቀየራል፣ ዲፕሎይመንቱም ሮልአውት (ፖዶቹን በአዲስ መተካት) ይጀምራል። አሮጌዎቹ ኮንፊግማፖች ግን ጠራጊ ከሌለ ይከማቻሉ።

ሄልም ሌላ ነገር ነው፦ ቴምፕሌት፣ ጥቅል ማከፋፈያና የቨርዥን ታሪክ በአንድ ላይ። በ2019 የወጣው ሄልም 3 ክላስተሩ ውስጥ ሰፊ ሥልጣን ይዞ ይቀመጥ የነበረውን ቲለርን አስወገደ፤ የእያንዳንዱ ሪሊዝ (የተጫነ ጥቅል) መዝገብ አሁን በኔምስፔሱ (በክላስተሩ ውስጥ በተለየው ክፍል) ውስጥ በሲክሬት መልክ ይቀመጣል። ከአፕላይ የሚበልጥበት ዋናው ነገር ማጥፋትን ማወቁ ነው፤ ከቻርቱ (ከሄልም ጥቅሉ) የወጣ ኦብጀክት በሚቀጥለው ማሻሻያ ከክላስተሩም ይወጣል።

ሄልም የሚያስመርረው በቴምፕሌቱ ነው። ያምል በቦታ አሰላለፍ የሚነበብ ሆኖ ሳለ ሄልም እንደ ተራ ጽሑፍ ስለሚያየው፣ «ስንት ስፔስ ገባ ይበል» የሚል ሒሳብ ውስጥ ትገባላችሁ። ቁጥርም ላይ ይሰናከላል። ለኤስኤምኤስ መላኪያ በ251 የሚጀምር ባለ12 አሃዝ ስልክ ቁጥር ያለ ትምህርተ ጥቅስ ቫልዩስ ፋይል (የተለዋዋጮቹ ዋጋ የሚጻፍበት) ውስጥ ብታስገቡ፣ ሄልም 3 እንደ አስርዮሽ ቁጥር ወስዶት በሳይንሳዊ አጻጻፍ ሊያወጣው ይችላል፤ ኮንቴይነሩ የሚደርሰው ነገር ስልክ ቁጥር አይመስልም። ትምህርተ ጥቅሱን ቴምፕሌቱ ላይ ማድረግ አይበቃም፣ ቫልዩስ ፋይሉ ላይ ራሱ መደረግ አለበት። ሌላም አለ፦ የሲአርዲ ፎልደር ውስጥ ያሉትን ሄልም መጀመሪያ ሲጭን ይፈጥራቸዋል እንጂ ሲያሻሽል አይነካቸውም። የምትጠቀሙት ኦፐሬተር አዲስ ፊልድ ቢጨምር ሲአርዲውን ለብቻው መላክ ይኖርባችኋል።

የእኔ ምርጫ እንዲህ ነው። ሌሎች የሠሩትን ሶፍትዌር፣ እንደ ኢንግረስ ኮንትሮለርና ሰርት ማኔጀር ያለውን፣ በሄልም ጫኑ፤ አዘጋጆቹ የሚያቀርቡትና የሚፈትሹት እሱን ነው። የራሳችሁን ጥቂት አገልግሎቶች በከስተማይዝ ያዙ። ቅርጻቸው አንድ የሆነ ብዙ አገልግሎቶች ሲኖሯችሁ ብቻ አንድ የጋራ ቻርት መጻፍ ያዋጣል። ለአንድ አገልግሎት ብቻ፣ እያንዳንዱን መስመር ወደ ተለዋዋጭ የቀየረ ቻርት የሚጽፉ ሰዎች አሉ፤ ያ ሁሉ ድካም መጨረሻው ያንኑ ያምል በሌላ ስም መጻፍ ነው።

ጊት መዝገቡ ሲሆን

ጊትኦፕስ የሚለውን ስም በ2017 ያወጣው ዊቭወርክስ የተባለው ኩባንያ ነው። ኩባንያው በ2024 ተዘግቷል፤ የጀመረው ፍለክስ የተባለው መሣሪያ ግን በሲኤንሲኤፍ (ኩበርኔቲስን የያዘው ድርጅት) ሥር ቀጥሏል። ፍለክስና አርጎ ሲዲ ሁለቱም በ2022 መጨረሻ እዚያ ከፍተኛውን ደረጃ አገኙ። ሐሳቡ አጭር ነው፦ የሚፈለገው ሁኔታ ጊት ላይ ይጻፋል፣ ክላስተሩ ውስጥ ያለ ኮንትሮለር ራሱ መጥቶ ያነባል፣ ልዩነት ካለ ያስተካክላል።

የሚስበው ክላስተሩ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ሲአዩ የክላስተሩን ቁልፍ መያዝ አያስፈልገውም። ከኩባንያ ግድግዳ በስተጀርባ፣ የሕዝብ አይፒ በሌለው ሰርቨር ላይ ያለ ክላስተርም ወደ ውጭ መውጣት ከቻለ ይበቃዋል። መስመሩ ለግማሽ ቀን ቢጠፋ የሚዘገየው አዲሱ ለውጥ ነው፤ የሚሠራው አገልግሎት አይቆምም።

ከሁለቱ የቱን? አርጎ ሲዲ ጥሩ የዌብ ገጽ አለው፤ የትኛው አገልግሎት ከጊት ጋር እንደተስማማ፣ የትኛው እንደተለያየ ተርሚናል የማይወድ ሰውም ያየዋል። ብዙ የአፕሊኬሽን ቡድኖች ላሉት ድርጅት እሱን እመርጣለሁ። ፍለክስ ከራሱ ጋር የሚመጣ እንዲህ ያለ ገጽ የለውም፤ ሁሉ ነገሩ በኦብጀክት የሚጻፍ ስለሆነ ክላስተር ለሚያስተዳድር ትንሽ ቡድን ይስማማል። ሄልምንም በተለያየ መንገድ ይይዙታል፦ ፍለክስ እውነተኛ የሄልም ሪሊዝ ይፈጥራል፤ አርጎ ሲዲ ግን ቴምፕሌቱን አውጥቶ ያምሉን ስለሚልክ የሄልም ዝርዝር ስታዩ ባዶ ይሆንባችኋል። አትደንግጡ።

ነባሪ ሴቲንጎቹን ሳታነቡ አትግቡ። አርጎ ሲዲ ጊትን በነባሪ በየ3 ደቂቃው ገደማ ይፈትሻል፤ አውቶ ሲንክ (ራስ-ሰር ማመሳሰል) ብታበሩም እንኳ በእጅ የተቀየረውን የመመለሱና ከጊት የወጣውን የማጥፋቱ ሥራ ለየብቻ ካልተበሩ አይሠሩም። «ጊትኦፕስ አለን» እያለ ክላስተሩ ላይ ማንም ያልጻፈው ዲፕሎይመንት የሚገኝበት ቡድን ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ፍለክስ በተቃራኒው በየተወሰነለት ጊዜ እየዞረ የተቀየረውን ይመልሳል። ኤችፒኤ ካለ የቅጂ ብዛቱ ጊት ላይ አይጻፍ፤ አለዚያ ሁለት ኮንትሮለሮች ቀንና ሌሊት ሲጓተቱ ታያላችሁ።

ሲክሬትን በተመለከተ፦ ዋጋው የሚጻፍበት ቤዝ64 ምስጠራ አይደለም፣ ማንም ይፈታዋል። ጊት ላይ ከማስገባታችሁ በፊት የሚያመሰጥሩትን መሣሪያዎች፣ ሲልድ ሲክሬትስን ወይም ሶፕስን ተመልከቱ።

ከኩበርኔቲስ ውጭ

ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ሌሎች ሥርዓቶችም አሉ። ዶከር ስዋርምም የአገልግሎቱን ቅጂ ብዛት ይጠብቃል፤ ኮምፖዝ ፋይል ይዞ ስታክ መላክ ለአንድ ሁለት ሰርቨር ቀላል መንገድ ነው። ኖማድ ደግሞ «ፕላን» ብሎ ምን እንደሚቀየር ያሳይና የኢንዴክስ ቁጥር ይሰጣል፤ ስታስኬዱ ያንን ቁጥር ካያያዛችሁ መሃል ላይ ሌላ ሰው ቀይሮት ከሆነ ይከለክላችኋል። የተመለከትሁት ሳይቀየር ይሂድልኝ ለሚል ሰው ከኩብሲቲኤል ዲፍ የተሻለ ዋስትና ነው። ኩበርኔቲስ የሚበልጠው ብዙ ጸሐፊዎች በአንድ ኦብጀክት ላይ በሚገናኙበት ቦታ ነው፤ ጸሐፊው አንድ ብቻ ከሆነ ሁለቱም ይበቃሉ።

ለማን የትኛው

ብቻችሁን አንድ ኪራይ ሰርቨር ላይ ኬ3ኤስ (ቀለል ያለ ኩበርኔቲስ) ጭናችሁ የምትሠሩ ከሆነ ፎልደር ሙሉ ያምል፣ ጊት፣ እና በሰርቨር በኩል የሚደረግ አፕላይ ከበቂ በላይ ነው። አርጎ ሲዲ መጫን ያለችውን ጥቂት ሚሞሪ መብላት ነው። ሁለትና ሦስት ሆናችሁ ስትሠሩ ላፕቶፕ ላይ ያለውን አፕላይ ትታችሁ ሲአዩ ብቻ እንዲልክ አድርጉ፤ ጸሐፊው አንድ ይሆናል። ቡድኖች ሲበዙ፣ ወይም ክላስተሩ ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆን ወደ ጊትኦፕስ መሄድ ዋጋውን ይመልሳል። በእነዚህ ሁሉ ደረጃዎች የተርሚናል ትእዛዞች ለማየትና ለመመርመር አሉ፤ ለመጻፍ ግን በአንድ ኦብጀክት ላይ አንድ መንገድ ብቻ። የኩበርኔቲስ ይፋዊ ሰነድም መንገዶችን በአንድ ኦብጀክት ላይ ማደባለቅ ውጤቱ እንደማይታወቅ ያስጠነቅቃል።

ሌሊት ላይ አገልግሎት ሲወድቅ ይህ ሕግ ይጣሳል፣ መጣሱም ትክክል ነው። የጊትኦፕስ ክላስተር ከሆነ ግን መጀመሪያ ማመሳሰሉን አስቁሙ፦ ፍለክስ ላይ «ሰስፔንድ»፣ አርጎ ሲዲ ላይ የዚያን አፕሊኬሽን አውቶ ሲንክ ማጥፋት። አለዚያ ያስተካከላችሁት ሊመለስ ይችላል፣ እናንተም ትእዛዙ እንዳልሠራ ታስባላችሁ። ከዚያ ቀይሩ፣ ምክንያቱንም ኦብጀክቱ ላይ በአኖቴሽን ጻፉ። የኦብጀክት ስምና ሌብል (መለያ) የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና እንደ ሰረዝና ነጥብ ያሉ ጥቂት ምልክቶች ብቻ ነው የሚቀበሉት፤ የአኖቴሽን ዋጋ ግን አማርኛም ይችላል፣ «የወር መጨረሻ ጭነት፣ እስከ ሰኞ 8 ይቆይ» ብትሉ ቀጣዩ ተረኛ ያነበዋል። ጠዋት ላይ ለውጡ ጊት ላይ ይገባል፣ ከገባ በኋላ ማመሳሰሉ ይከፈታል።